አምስት ቀን በናይሮቢ፣ ከአቶ ደምሴ ስልክ ጋር

ከናይሮቢ ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «አንበሳ አየህ?» ከተማው ዳር የአራዊት ፓርክ አለ ስለሚባል ነው። አንበሳ አላየሁም። ቀጭኔም አላየሁም። አምስት ቀን ሙሉ ያየሁት የስልኬን ስክሪን ነው ብል ማን ያምነኛል? «ሆቴል ተኝቶ መጣ» ነው የሚሉኝ። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እሑድ

በአንድ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነት ዳይሬክተር ነበርኩ። ናይሮቢ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ሥልጠና ነበር፤ እኔም ሐሙስ ጠዋት ጥናት እንዳቀርብ ተጋበዝኩ። ርዕሱ ትንፋሽ ያሳጥራል፦ «በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሕዝብ ግንኙነት ሥራ አፈጻጸም ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች»። መጠይቁን የሞሉት የራሴ ቢሮ ሰዎች ናቸው፤ ሲሞሉም አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ውጤቱ እንደጠበቅነው ወጣ። ካሜራ የለም፣ መኪና የለም፣ በጀት የለም። ፕሬዚዳንታችን «ሚዛናዊ ጥናት ነው» ብለው አጸደቁት።

መኪና የለም ያልኩበትን ጥናት ይዤ በቢሮው ፒክአፕ ተሸኘሁ። እስከ አዲስ አበባ ሰባት ሰዓት ነዳን። ያቺ ፒክአፕ ጉድጓድ አትስትም። ከኋላ ያስቀመጥኩት የጥናቴ ፖስተር በካርቶን ቱቦው ውስጥ እንዳለ መለዋወጫ ጎማው ሥር ገብቶ ተጨፍልቆ ደረሰ። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ ሚስቴ «እግርህ ውስጥ ጉንዳን አለ» ትለኛለች። በየከተማው አስቁሜ ስወርድ ስወጣ ሾፌሩ በመጨረሻ «ጋሼ፣ በእግርዎ ቢሄዱ ይሻል ነበር» አለኝ።

ሰኞ

በረራው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ከኛ ከተማ አዲስ አበባ ሰባት ሰዓት፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት፤ እስቲ ፍረዱ! ጉምሩክ ላይ አንዲት ሴት ሻንጣዬን አስከፈተችኝ። ውስጡ ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ ለእህቷ አድርስልኝ ያለችኝ ሦስት ኪሎ በርበሬ አለ። «ቅመም ነው» አልኳት፤ አላመነችኝም። ከረጢቱን ፈትታ አፍንጫዋን አስጠጋች። እሷ ስታነጥስ ከኋላዬ የተሰለፉትም አብረው ማነጠስ ጀመሩ። «ሂድ፣ ሂድ!» ብላ በእጇ ስታባርረኝ ቀበቶዬን እንኳ ሳላጠብቅ ወጣሁ።

የወይዘሮ አልማዝ እህት እትዬ ጽጌ ይባላሉ። በስደት መጥተው ሃያ ዓመት ናይሮቢ ኖረዋል፤ ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር አፓርታማቸው ውስጥ አንድ ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ። ልትቀበለኝ የመጣችው ግን ልጃቸው ማህሌት ናት፤ በአራት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች። አሁን ሥልጠናው በሚሰጥበት ኮሌጅ ኮሙኒኬሽን ክፍል ትሠራለች። «አንክል ጌታቸው፣ ካሪቡ! እንኳን ደህና መጣህ!» ብላ አቀፈችኝ። እኔም እንደ ጨዋ እንግዳ ከፊት ልቀመጥ በሩን ስከፍት መሪ ፊት ለፊቴ ገጭ አለ። ለካ እዚህ መሪው በቀኝ ነው። «አንክል፣ ዩ ዋና ድራይቭ?» ብላ እስክንደርስ ሳቀችብኝ።

እትዬ ጽጌ አጥባቂ ጴንጤ ናቸው። እራት ሲቀርብ ቆመው ስለ እኔ፣ ስለ ፒክአፑ ሾፌር፣ ስለ አብራሪው፣ ስለ ጉምሩኳ ሴት አፍንጫ ሳይቀር ጸለዩ። ወጡ ቀዘቀዘ። ከዚያ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝና «ቤትህ ነው ልጄ፣ እንዳትግደረደር» አሉኝ። እውነቴን ነው፣ ቤቴ መሰለኝ። አየሩም የኛው ብርድ ነው።

ማክሰኞ

ማህሌት «ክላሱ በሦስት ሰዓት ነው» ስትለኝ በእንግሊዝ አቆጣጠር መስሎኝ እስከ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ልጠብቅ ነበር። እትዬ ጽጌ «ስዋሂሊም እንደኛ ነው የሚቆጥረው፤ ተነስ!» ብለው አባረሩኝ። ይኼ ደስ አለኝ። በሰው አገር የራስን ሰዓት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ደስታዬ እስከ ሻይ ዕረፍት ድረስ ነው የቆየው። ወተት የበዛበትን ሻይና ማንዳዚ የሚሉትን ጣፋጭ ብስኩት ይዤ ቆሜ ሳለሁ ታሪኩ ደወለ። ታሪኩ ምክትሌ ነው። «ጋሽ ጌታቸው፣ ትናንት እራት የበሉ ተማሪዎች ታመሙ። ብዙዎቹ ክሊኒክ ናቸው፤ የከፋባቸው ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ተልከዋል።»

«የሞተ አለ?»

«የለም። ፌስቡክ ላይ ግን አልቀዋል እየተባለ ነው።»

«መግለጫ አውጣ እንጂ!»

«ፕሬዚዳንቱ ኮሚቴ አቋቁመዋል። ኮሚቴው ሳይጨርስ አንድ ቃል እንዳይወጣ፣ ሠራተኛም ስልክ ይዞ ወደ ታማሚዎቹ እንዳይገባ ብለዋል። ፎቶ ይወጣል ብለው ነው።»

ፕሬዚዳንቱ ጋ ደወልኩ። «አንተ ሥልጠናህን ተከታተል። የሚጠይቅህ ካለ እየተጣራ ነው በል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስንት ዓመት እሺ ያልኩ ሰው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኪሊማኒ ልመለስ ማታቱ ላይ ስሳፈር ስልኬ እንደገና ጮኸ። ማታቱ የኛ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ልዩነቱ የኛው ሬዲዮ ይከፍታል፣ የነሱ ሰርግ ቤት ነው። «ሃሎ! ዩኒቨርሲቲ ነው?» አለኝ የሽማግሌ ድምፅ። የቢሮው ስልክ ስለተበላሸ በተማሪዎች ጥሪ ማስታወቂያ ላይ የራሴን ቁጥር አውጥቼ ነበር።

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ደምሴ እባላለሁ ጌታዬ። የሰናይት አባት ነኝ። የአንደኛ ዓመት ናት። ስልኳ አይነሳም። ልጆቹ አለቁ ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«አባቴ፣ ጉዳዩ እየተጣራ ነው።»

«ምኑ ነው የሚጣራው? ልጄ አለች ወይስ የለችም?»

«ተጣርቶ ይገለጽልዎታል» አልኩና በሙዚቃው አሳብቤ ዘጋሁት። አፈርኩ፤ ግን ዘጋሁት። ቀና ስል ማታቱው ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ይበራል፣ ሰፈሩ ሁሉ አዲስ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችውን ነርስ «ኪሊማኒ?» አልኳት። «ኪሊማኒ? ካሳራኒ እኮ ደረስን!» አለችኝ። ከተማውን አቋርጬ በተቃራኒው ሄጃለሁ። ፊቴን አይታ ነው መሰል፣ ከሥራ ደክማ እየተመለሰች አብራኝ ወረደች፤ ወደ ከተማ የሚመልሰኝ ማታቱ ላይ አሳፍራ ረዳቱን «ይኼን ሰውዬ ኪሊማኒ የሚሄደው ላይ አሳፍረው፣ ልቡ እዚህ የለም» ብላ አስጠነቀቀችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ቀጥሎ ታሪኩ ጋ ደውዬ ሰናይት ደምሴ የምትባል ተማሪ እንዲፈልግልኝ ነገርኩት።

ረቡዕ

ጠዋት ታሪኩ መልስ አመጣ። ሰናይት ሪፈራል ሆስፒታል ናት፤ ግሉኮስ ተደርጎላት ተሽሏታል። ስልኳ ዶርም ቀርቷል። ተመስገን አልኩ።

የዚያን ቀን ያስተማረችን ማህሌት ራሷ ናት። አምና ኮሌጃቸው ዶርም ውስጥ እሳት ተነስቶ ነበር። ለወላጆች የላከችውን የመጀመሪያ መልእክት አሳየችን፤ ሦስት መስመር ብቻ። የምናውቀው ይኼ ነው፤ የማናውቀው ይኼ ነው፤ በአስር ሰዓት እንደገና እንነግራችኋለን። «ማን ፈቀደልሽ?» ብዬ እጄን አወጣሁ። «ፈቃድ?» አለችኝ ግራ ገብቷት። «አንክል፣ ጆቤ እኮ ነው!» ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን አረረ። እኔ የፕሬዚዳንቱን የልደት መልካም ምኞት ለመለጠፍ አምስት ፊርማ የማሰባስብ ሰው ነኝ።

ምሳ ላይ አቶ ደምሴ ደወሉ። ከኋላቸው የአውቶቡስ ሞተር ይሰማል።

«ጌታዬ፣ ተሳፍረናል። የሁለት ቀን መንገድ ነው። ከአገር ሽማግሌ ሦስት ሰው ይዣለሁ። እባክዎ፣ የሚያውቁትን ይንገሩኝ።»

አላስቻለኝም። ኮሚቴው ገደል ይግባ አልኩና በተቻለኝ መጠን ድምፄን አለስልሼ፣ እንዳይደነግጡም ተጠንቅቄ ተናገርኩ። «አባቴ፣ አይዞዎት። ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ደህና ናት። አይጨነቁ። ሲደርሱ ሁሉንም እናስረዳዎታለን።»

ቀስ ብለው «ገባኝ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉት።

እፎይ! ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣና ጎመኑን ጠራርጌ በላሁ። ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሬ ላይ ረጋ ብዬ ተቀመጥኩ። አመሻሽ ላይ እራት ሲቀርብ ለእትዬ ጽጌ እንደ ትልቅ ጀብዱ አወራሁላቸው፤ ፕሬዚዳንቱን ጥሼ አባትየውን አረጋጋሁት ብዬ።

«ምን ብለህ ነገርከው?» አሉኝ።

ቃል በቃል ነገርኳቸው። እትዬ ጽጌ ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መለሱ።

«ውይ ልጄ! ገደልካት እኮ!»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እኔ ወንድሜ የሞተ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን አራት ሰው ሆነው መጡ። ትንሽ አሞታል፣ አይዞሽ፣ አሁን ደህና ነው አሉኝ። ለትንሽ ሕመም አራት ሰው ይመጣል? ገና በሩን ስከፍት ገባኝ። አንተስ ያገርህን መርዶ አታውቀውም? ሰውየው ሽማግሌ ይዞ እየመጣ፣ አንተ ‹ሲደርሱ እናስረዳዎታለን› ትለዋለህ?»

አባቴ ሲሞት ለእኔም እኮ እንዲሁ ነው የተነገረኝ! ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኳ፤ «ትንሽ አሟቸዋል» አሉኝ። እንዴት ረሳሁት? አልረሳሁትም፤ አፌ የለመደው እሱን ነው። በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አወራሁ መስሎኝ የመርዶ ነጋሪ ቋንቋ አውርቻለሁ።

ወዲያው መልሼ ደወልኩ። ያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «ደምሴን አታነጋግሩት፣ እህል ውኃ አልቀመሰም። እርስዎ ነግረውታል፣ ሰምቷል። ለእናትየውም አረዷት፤ ድንኳን ተተክሏል።»

«ኧረ በሕይወት አለች! ማርያምን እላችኋለሁ፣ አለች!»

«እሺ ጌታዬ፣ እሺ» አለኝ ሰውየው፣ እያባበለኝ። «እርስዎንም እግዜር ያጽናዎት።»

ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ተመላለስኩበት። ማህሌት «ልጅቷ ራሷ ለምን አታናግረውም?» አለች፤ ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነበር። ታሪኩ ጋ ደወልኩ። ጠዋት መኪና ይዞ ሪፈራል ሆስፒታል እንዲሄድና ስልኩን ለልጅቷ እንዲሰጣት አዘዝኩት። «በጽሑፍ ቢያደርጉልኝ?» አለኝ። እንኳን እሱ፣ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ጻፍኩለት፤ «ያዘዝኩህ እኔ ነኝ። ፕሬዚዳንቱ እንደከለከሉ አውቃለሁ። ኃላፊነቱ የእኔ ብቻ ነው። ጌታቸው።» ላክ የሚለውን ነካሁት። ሦስት ልጆች አሉኝ።

ሐሙስ

ጥናቴን የማቀርበው በአራት ሰዓት ነው። ታሪኩ የሰናይት አልጋ ዘንድ የደረሰው ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው። ከአዳራሹ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የማህሌትን ስልክ ተዋስኩ። በእኔ ስልክ አቶ ደምሴን ያዝኩ፤ በማህሌት ስልክ ታሪኩን። ሁለቱንም ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ አፍ ለአፍ ገጠምኳቸው። ማህሌት «አንክል፣ ሁለቱን የሚያገናኝ እኮ በተን አለው» ልትል ስትል በዓይኔ ዝም አሰኘኋት። እኔ የማምነው እጄን ነው።

«አባዬ?» አለች ልጅቷ።

ስልኮቹን ይበልጥ አጠጋጋኋቸው።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሰናይት።»

«ማን ነሽ አንቺ?» አሉ አቶ ደምሴ። ድምፃቸው የእንጨት ያህል ደርቋል። «የሌላ ሰው ልጅ ነሽ፤ አስጠንተውሽ ነው የምትናገሪው። አታሠቃዩኝ።»

«አባዬ ምን ሆነሃል? የት ነው ያለኸው?»

«ልጄን ልወስድ እየሄድኩ ነው።»

«አውቶቡስ ላይ ነህ? ማን ሂድ አለህ!» ልጅቷ ጮኸች። «የስኳር መድኃኒትህን ይዘሃል? ትናንት ወስደሃል? አባዬ፣ ተናገር፣ ወስደሃል ወይ?»

ማህሌት ክንዴን ይዛለች። አዳራሹ ውስጥ ስሜን ሲጠሩ ይሰማኛል።

«አልወሰድኩም» አሉ አቶ ደምሴ፣ ጥፋቱ እንደተገኘበት ልጅ። «ቤት ረሳሁት… ሰናይቴ? አንቺ ነሽ?» ያለቀሱት እሳቸው፣ እልል ያለው አውቶቡሱ ነው። ለካ ተሳፋሪው ሁሉ ምን ሊወስዱ እንደሚሄዱ ያውቅ ኖሯል፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ መንገድ ዳር ሲያቆም ይሰማል። ታሪኩም ወኔ አገኘና ስልኩን ከአልጋ አልጋ ማዞር ጀመረ። ሁሉም ታማሚዎች ቤታቸው ደወሉ።

ዓይኔን ጠርጌ ገባሁ። የመጀመሪያው ስላይዴ «ካሜራ የለም» ይላል። አጠፋሁትና በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የሆነውን ሁሉ ተረኩላቸው። «ጥናቴ ውሸት ነው» አልኩ። «የጎደለን ካሜራ አይደለም። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ‹ሁሉም ሰላም ነው› ስል ኖሬያለሁ። ትናንት ልጅህ ደህና ናት ስለው አንድ አባት ሞተች ብሎ ሰማኝ። አፈጻጸሜ ይኼ ነው።» ማንም አላጨበጨበም። አንድ ኡጋንዳዊ ተነስቶ «እኛም ጋ ኮሚቴ አለ» አለና ተቀመጠ። የዚያን ቀን ከተባለው ሁሉ ያጽናናኝ እሱ ነው።

ሻይ ዕረፍት ላይ ፕሬዚዳንቱ ደወሉ። «ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም አልፈቀደልኝም፣ ክቡር ፕሬዚዳንት።»

«ስትመጣ እንነጋገራለን።»

ዓርብ

እትዬ ጽጌ ለመንገድ ዳቦ ቋጥረውልኝ በር ላይ ጸለዩልኝ፤ ያን ቀን ጸሎቱ ቢረዝም አልጠላሁም ነበር፣ ግን አሳጠሩት። «ጌታ አፍህን ይጠብቅ» ብቻ አሉኝ። ማህሌት ወደ አየር ማረፊያ ስትሸኘኝ ኢምባካሲ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ስትቁነጠነጥ፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ ዛፎቹን አየሁ። ከተማው ያምራል ለካ።

ከተመለስኩ በኋላ ያለው አጭር ነው። «እንነጋገራለን» የተባለው ንግግር ሦስት መስመር ደብዳቤ ሆኖ ደረሰኝ፤ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬያለሁ። በቦታዬ አዲስ ሰው ተመደበ፤ ሰላምታው የሚያስደስት ጥሩ ልጅ ነው።

አቶ ደምሴ ልጃቸው ከሆስፒታል እስክትወጣ ከተማው ውስጥ ቆዩ። አንድ ቀን መዝገብ ቤት ድረስ ፈልገውኝ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ ረቡዕ ማታ መንገድ ላይ ባደሩበት ለሐዘን የተላጩት ፀጉር ገና ብቅ ብቅ ማለቱ ነው። ጉልበቴን ሊስሙ ሲጎነበሱ ያዝኳቸው፤ ተቃቅፈን ቆየን። አገራቸው ሊመለሱ ነው፤ ልጅቷ ፈተና አለባት፣ ትቀራለች።

«ከእንግዲህ የልጄን ነገር ብፈልግ ለማን ልደውል?» አሉኝ።

«ለሕዝብ ግንኙነት ነው አባቴ፤ አዲስ ሰው አለ። ቁጥሩን እሰጥዎታለሁ።»

ስልካቸውን አውጥተው ሊጽፉ ሲሉ ቆም አሉና አዩኝ። «እሱስ እውነቱን ይነግረኛል?»

«እንዴታ!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የአዲሱን ሰው ቁጥር ሳይጽፉ ስልኩን ኪሳቸው መለሱት። «እንግዲያው የአንተን አላጠፋውም» አሉኝ።